የነፋሱ ቃል

የጭስ ቡድኑ አለቃ ሞቶ የተገኘው በእህል መጋዘኑና በምሥራቁ አጥር መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የጋዝ ጭንብሉን አንገቱ ላይ አውርዶ ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመት ነቀዝ ሲገድል የኖረ ሰው በነቀዝ መርዝ ሞተ። ወሬውን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ «አይ ጉድ!» አለ፤ ቀጥሎ ዓይኑ አማቹን፣ የልጁን ባል ፈለገ።

እሱን መጠርጠር ቀላል ነበር። የመጋዘኑ ነፋስ መዝጋቢ ነው፤ የጣሪያው ቁልፍም ከእሱ በቀር በማንም እጅ የለም። ግንቦቹ ነፋሱን ስለሚያዟዙሩት ከታች ሆኖ ወዴት እንደሚነፍስ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ነቀዙን ለመግደል መጋዘኑ ውስጥ የታመቀው ጋዝ በሚለቀቅበት ቀን መዝጋቢው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያይና በሩ አጠገብ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አቅጣጫውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ በደብተሩም ያሰፍራል። እንግሊዝኛው የእህሉ ባለቤት የሆነው የውጭ ድርጅት ትእዛዝ ነው። አለቃው ሰሌዳውን ያነብና ጋዙ ከሚሄድበት በተቃራኒ ቆሞ የመስኮቶቹን ገመድ ይስባል። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተኩል የሳበው በምሥራቅ በኩል ሆኖ ነው። ጋዙም የሄደው ወደ ምሥራቅ ነው።

የሟች ልጅ ለፖሊስ መርማሪዋ ቃሏን የሰጠችው ሳታለቅስ ነበር።

«ባለፈው እሁድ ባሌና አባዬ ተጣልተው ነበር። ‹አንድ ቀን ያዩኛል!› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ ከሆነ ይታሰር፤ ካልሆነም ይነገረኝ። ከአባቴ ገዳይ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም።»

መርማሪዋ አጭር፣ ቁጥብ ሴት ነች። ሰው ሲያወራ የምታየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው፤ ፊት መዋሸት ይለምዳል ትላለች። መጀመሪያ ወደ ሰሌዳው ሄደች። በጠመኔ፣ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት «ዌስተርሊ» ተብሎ ተጽፏል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ሥር በጣት የታበሰ የሚመስል ነጭ ደብዛዛ ነገር አለ። ሌላው ጥርት ያለ ነው።

መዝጋቢው እጆቹን ጭኖቹ መካከል ቀብሮ ጠበቃት።

«ሰሌዳው ላይ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ኢስተርሊ።»

«ነፋሱ ወዴት ነበር?»

«ወደ ምሥራቅ ነዋ! ኢስት ምሥራቅ አይደል? ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የጻፍኩት። ጋሼም እንዲህ ነው የሚያነቡት፤ ሠራተኞቹን ይጠይቁ።»

«ሰሌዳው ግን ዌስተርሊ ይላል።»

«አልጻፍኩትም! ያልኳቸውም ቤት ሠርቼ ያዩኛል ነው። በእሳቸው ቤት መኖሬ አንገብግቦኝ ነው። ሚስቴ እንኳ አላመነችኝም።»

ስድስቱ ጫኝ ሠራተኞች ሲጠየቁ በአንድ አፍ መለሱ። ዌስተርሊ ከተባለማ ጋዙ ወደ ምዕራብ ነው፤ አለቃው ምሥራቅ መቆሙ ምን ይገርማል?

ከመጣ ሁለት ሳምንት የሆነው የተማረው የአለቃው ምክትል ሳቁ መጣ። «መዝጋቢው ዋሽቶም አላወቀበት! በእንግሊዝኛ ነፋስ የሚጠራው በመጣበት እንጂ በሚሄድበት አይደለም። ዌስተርሊ ማለት ከምዕራብ የመጣ ነው። የዓርቡም ነፋስ የመጣው ከምዕራብ ነው። ሰሌዳው ልክ ነበር፤ አለቃው ነው የተሳሳተው።»

«እዚህ ሁሉም ገልብጦ እንደሚያነበው ያውቁ ነበር?»

የምክትሉ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምን? ኧረ በስመ አብ! እኔም እኮ አንድ ቀን ገመድ ሳቢ ብሆን አልቆልኝ ነበር!» ከዚያ አስታውሶ ጨመረ። «ለነገሩ አለቃው ሐሙስ ዕለት የመርዝ ቆርቆሮ ጽሑፍ አስነብበውኝ ነበር። የአማርኛ ትርጉሙ ‹መጋዘኑ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይገባል› ይላል፤ እንግሊዝኛው አንድ ቀን ነው። ቀለማቸው ተለወጠ። ለአስተርጓሚውም ሰኞ ለሥራ አስኪያጁ አሳያለሁ ብለው ነገሩት።»

አምና አንድ ሠራተኛ ጋዙ ከተለቀቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ገብቶ በሬሳ ወጥቷል። የቆርቆሮውን ጽሑፍ የተረጎመው የመጋዘኑ አስተርጓሚ ነው።

አስተርጓሚው ሸብቶ ያማረበት፣ ቃል አሳማሪ ሰው ነው። ጋዝ በሚለቀቅበት ቀን ሁሉ የሰሌዳውን ጽሑፍ እያየ ለድርጅቱ ሪፖርት ይልካል።

«ሰሌዳውን መቼ አዩት?»

«አርፍጄ ሦስት ሰዓት ላይ ገባሁ። አንዴ ብቻ አየሁት፤ ዌስተርሊ ይላል። ሪፖርቴን ጻፍኩ፣ ላክሁ። ኢንስፔክተር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዙት።»

«እስቲ የሪፖርቶቹን ግልባጭ ያውሱኝ» አለችው። እየኮራ ሰጣት።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም ሚዛን ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟች ልጅ ከባሏ ራቅ ብላ ቆመች።

«ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የመጨረሻዎቹ ስድስት ፊደላት አንድ ናቸው» አለች መርማሪዋ። «የሚለያዩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ የታበሰውም እነዚያ ሁለቱ ናቸው። መዝጋቢው ኢስተርሊ ብሎ ጽፎ ሄደ፤ ሁለቱን ፊደላት ሌላ ሰው ለወጣቸው።»

«ራሱ ቢሆንስ?» አለ ምክትሉ።

«መግደል ከፈለገ መጀመሪያውኑ ዌስተርሊ ይጽፍ ነበር፤ ጽፎ ማጥፋት ምን አደከመው? ይህን ያደረገ ሰው የሠራተኞቹንም የመጽሐፉንም እንግሊዝኛ ያውቃል። አለቃውን በሠራተኞቹ አነባበብ ገደለው፤ ራሱን ደግሞ በመጽሐፉ ሸሸገ። መዝጋቢው የሠራተኞቹን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ምክትሉ የመጽሐፉን ብቻ።»

አስተርጓሚው ፈገግ አለ። «እኔም የማውቀው የመጽሐፉን ብቻ ነው።»

መርማሪዋ የመዝጋቢውን ደብተርና ሪፖርቶቹን ሚዛኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እሱ ኢስተርሊ ባለ ቀን እርስዎ ዌስተርሊ ብለው ልከዋል። ዌስተርሊ ባለ ቀን ደግሞ ኢስተርሊ። አንድ ቀን ሳይስቱ ገልብጠውለታል። ዓርብ ግን ሰሌዳው ዌስተርሊ ይላል አሉኝ፤ የላኩትም ዌስተርሊ ነው። ያን ቀን ለምን አልገለበጡትም?»

አስተርጓሚው እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ሰሌዳው ላይ ዌስተርሊን ብቻ አይተው ቢሆን እንደ ልማድዎ ኢስተርሊ ብለው ይልኩ ነበር። ገልብጠው ዌስተርሊ ያሉት የመዝጋቢውን ኢስተርሊ ስላዩ ነው። እሱን ያየ ደግሞ ፊደሎቹ ሳይጠፉ በፊት ነው የደረሰው። አለቃው አምና ሰው የገደለውን ትርጉምዎን ሰኞ ሊያሳዩ ነበር፤ ሰኞን አላዩም።»

«የጻፍኩት እኮ ትክክለኛውን ቃል ነው!» ብሎ ጮኸ አስተርጓሚው። «መዝገበ ቃላት አምጡ! ማንም ስህተት አያገኝበትም!»

«ስህተት የለበትም» አለች መርማሪዋ። «ለዚህ ነው የመረጡት።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ይዞ አወጣው። ምክትሉና መርማሪዋም ተከትለው ወጡ፤ ሚዛን ቤቱ ውስጥ ባልና ሚስት ብቻ ቀሩ። እሷ ቀስ ብላ ቀረበችው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

ሰው ሁሉ ሲጠረጥረው መዝጋቢው የጠበቀው የእሷን እምነት ነበር፤ የዚያ ቁስል ደግሞ በአንድ ከሰዓት አይሽርም።

«ዛሬ አልችልም» አላት። «ነገ ጠይቂኝ።»

ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። አንስቶ አቀበላትና አብረው ወደ ለቅሶው ቤት ሄዱ።