ኬሌሌ የለፈለፈችው

«አቁሚው! እማ፣ እባክሽ ወደኋላ መልሺው!»

ክዋምቦካ ልጇን ሳቅ ያፈናት መስሏት ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ፊቷን ስታይ ግን ላፕቶፑን አቆመችው። ሞራ የነከሰችውን ጣፋጭ ብስኩት፣ ማንዳዚ፣ መዋጥ አቅቷት አፏ እንደሞላ ቀርታለች።

አርብ ከሰዓት የሁለቱ ነው። ክዋምቦካ የምትጽፈው የልጆች ካርቱን ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን ከመታየቱ በፊት፣ ያለቀውን ክፍል መጀመሪያ የምታየው ሞራ ናት። ካርቱኑ ስለ ዙሪና ስለ በቀቀኗ ስለ ኬሌሌ ነው። ኬሌሌ ትናገራለች፤ ችግሩ ዝም ማለት አለመቻሏ ነው። ቤት ውስጥ የሰማችውን ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ትዘረግፈዋለች። የሞራ ክፍል ልጆች፣ ዘጠነኛ ክፍል ደርሰው፣ «የሕፃናት ነው» እያሉ ያናንቁታል፤ አንድም ቅዳሜ ግን አያመልጣቸውም።

የማያመልጣቸውም በምክንያት ነው። ክዋምቦካ ታሪኮቿን ከየትም አታመጣም፤ ከሰፈርና ከቤት ትለቅማለች። ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ካርቱኑ እንዳለቀ የክፍሉ ልጆች የስልክ ግሩፕ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሞራ፣ የዛሬው የማን ነው?» አምና ኬሌሌ፣ አስተማሪውን «እማዬ» ብሎ ስለጠራ ልጅ ለፈለፈች። ልጁ ኦዱዎር መሆኑ በአሥር ደቂቃ ታወቀ። ይኸው እስከ ዛሬ ስሙ «የቲቸር ልጅ» ነው።

አሁን ደግሞ ስክሪኑ ላይ ዙሪ አዲስ ጃኬት ለብሳ ክፍል ገብታለች። «አባቴ ከዱባይ ልኮልኝ ነው» ትላለች። የዋጋ ካርዱ እጅጌው ላይ ይወዛወዛል። ኬሌሌ ከቦርሳዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ ጮኻለች፦ «ውሸት! ካርዱን ትናንት ራሷ ነች ያሰረችው! ጊኮምባ! ጊኮምባ!»

ከጊኮምባ የሰልባጅ ተራ ልብስ የማይገዛ የናይሮቢ ሰው ከተገኘ ጉድ ነው። የሚያሳፍረው ሰልባጁ አይደለም፤ ካርዱ ነው።

«እማ፣ ይሄ ናፉላ ናት።»

«ኧረ ወዲያ! ናፉላ የምትለው ኳታር ነው፤ እኔ ዱባይ ነው ያልኩት። የእሷ ጃኬት ቀይ ነው፤ ይሄ አረንጓዴ።»

«እማ!»

«ስሙንም ቀይሬዋለሁ እኮ» አለች ክዋምቦካ፤ ድምፅዋ ግን ከወዲሁ እየሳሳ ነበር።

የሞራ የቅርብ ጓደኛ የናፉላ አባት ከአራት ዓመት በፊት ኳታር ለሥራ ሄዷል። አንድ ዓመት ያህል ደወለ፣ ላከ፣ ከዚያ ጠፋ። አሁን ናኩሩ ሌላ ትዳር ይዞ ይኖራል ይባላል። ናፉላ ያንን ለማንም አልተናገረችም። እናቷ የምታጸዳበት የልብስ ሱቅ ወለል ላይ የሚወድቁትን የዋጋ ካርዶች ትሰበስባለች፤ ከጊኮምባ የገዛችው ልብስ ላይ ታስራለች፤ ከዚያ ለስድስት ዓመቷ እህቷ ለኔሊማ «አባባ ልኮልሽ ነው» እያለች ትሰጣታለች። ለእህቷ ብላ የጀመረችው ነገር ትምህርት ቤት ድረስ ተከተላት፤ የራሷንም ቀይ ጃኬት «አባቴ ከኳታር ላከልኝ» አለች። አንድ ቀን ሞራን ጊኮምባ ይዛት ሄደችና፣ ሞራ ነጭ ጫማ ስትመርጥ፣ ሁሉንም ነገረቻት። «ሞራ፣ ከአንቺ እንዳትወጣ» አለቻት። ሞራም በእናቷ ስም ማለች።

የማለችበትን ስም ይዛ ለባለስሟ፣ ለእናቷ፣ ነገረቻት። በሚያዝያው እረፍት፣ ሰሃን እያጠቡ ነበር።

«ክፍሉ ለጣቢያው ትናንት ተልኳል» አለች ክዋምቦካ፣ ስልኳን ይዛ እየተነሳች። «ቆይ፣ ልደውል።»

ከመኝታ ቤት ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ እንደገና ስትለምን ይሰማል። ስትመለስ ታማ የከረመች ያህል ፊቷ ተጨማዷል።

«በቦታው የሚገባ ያለቀ ክፍል የለም አሉኝ። የሚቀጥለው ገና እየተሳለ ነው።» ከሞራ አጠገብ ተቀመጠች። «ስሚኝ፣ የእኔ ልጅ። ከበር ኋላ ሰማችን በያት። እኔ ላይ አላኪው። እኔን ብትጠላኝ ምንም አይደል፤ ትልቅ ሰው ነኝ። አንቺን ግን እንዳታጣሽ።»

ሞራ እናቷን እዚያው አንቃ ልትጮህባት ፈልጋ ነበር፤ እቅፏ ውስጥ ገብታ ልታለቅስም ፈልጋ ነበር። ሁለቱንም ሳታደርግ አመሸች። ተኝታ መብራት እንዲጠፋ ጸለየች፤ እነ ናፉላ ሰፈር ብቻ ሳይሆን መላው ኬንያ። ሌላ ጊዜ ሳይጠሩት የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ሞራ እነ ናፉላ ሰፈር፣ ኡሞጃ፣ ደረሰች። ናፉላ ከበራቸው ፊት ለፊት ባለው ገመድ ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«ምነው በጠዋቱ? ደግሞ ፊትሽ! ሰው ሞተ እንዴ?»

«የዛሬው ኬሌሌ ላይ... አንቺ አለሽበት።»

«እኔ? ካርቱን ላይ?» ናፉላ ሳቀች። «አቦ አትቀልጂ! አፍንጫዬን እንዴት አድርገው ሳሉት?»

«ናፉላ፣ ካርዱ አለበት። ጊኮምባም።»

ናፉላ ሳቋን መመለስ ረስታ ቆመች። ከእጇ የተንጠለጠለው አንሶላ ውሃውን እግሯ ላይ ያንጠባጥባል።

«እናትሽ በምን አወቀች?»

የተዘጋጀው መልስ «ከበር ኋላ ሰምታን ነው» የሚል አራት ቃል ብቻ ነበር። ሞራ መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው መጥታለች፤ እናቷም ፈቅዳላታለች፤ ናፉላም ታምናታለች። ጎረቤት ይሰማል፣ እናት ትሰማለች፣ ግድግዳው ስስ ነው። አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ የነገርኳት።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ። ማንም አልሰማንም።» እንባዋ መጣ። «ከአፌ አመለጠኝ ልልሽ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። እማ ያን ቀን ከፍቷት ነበር። እንድትስቅ ብዬ ነው የነገርኳት።»

ናፉላ የሚንጠባጠበውን አንሶላ ጨመቀችው።

«ሳቀች?»

«አዎ።»

ውስጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ አለ። «ናፉላ! ኬሌሌ ልትጀምር ነው! ነይ!» ብላ ጮኸች ኔሊማ።

«ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል በያት» አለች ሞራ በችኮላ። «ወይ ይዘናት እንውጣ፣ አይስክሬም እንግዛላት፣ ምን ቸገረን...»

«ዛሬ አወጣናት። ሰኞ ትምህርት ቤቷ ሁሉም ‹ጊኮምባ› እያለ ሲጮህስ?» የናፉላ ድምፅ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ኔሊማ የሰጠኋትን ጃኬት ለብሳ ነው የምትተኛው፣ ታውቂያለሽ? አባባ አባባ ይሸተኛል ትላለች። የማላውቀው ሰው ላብ ነው የሚሸታት።» አንሶላውን ባልዲው ውስጥ መልሳ ጣለችው። «ሂጂ፣ ሞራ።»

ገብታ በሩን ዘጋችው።

ሞራ መሄድ አልቻለችም። በሩ ፊት ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። የመግቢያው ዘፈን ተሰማ። ኔሊማ አብራ ዘፈነች። ዙሪ ቁርስ በላች፣ ኬሌሌ ለፈለፈች፣ ኔሊማ ሳቀች። ሞራ ክፍሉን ስለምታውቀው የሚመጣውን አንድ በአንድ ትጠብቃለች። ጆሮዋን በእጆቿ ልትደፍን አሰበችና ነውር መሰላት። ናፉላ እየሰማች እሷ ጆሮዋን ልትደፍን?

«ጊኮምባ! ጊኮምባ!» አለች በቀቀኗ።

«ጊኮምባ! ጊኮምባ!» አለች ኔሊማም በቀጭን ድምፅዋ፤ ከሳቋ ብዛት ትን እስኪላት። ስለ ማን እንደምትስቅ አላወቀችም። የናፉላ ድምፅ ጭራሽ አልተሰማም። ሞራ ጉልበቷን አቅፋ፣ መሬት አፏን ከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ካርቱኑ ሳያልቅ ስልኳ መንዘር ጀመረ።

«ሞራ፣ የዛሬው የማን ነው?»

«ኧረ ሞቼ! ካርዱን ራሷ አስራ! ማን ናት በናትሽ?»

«ንገሪን እንጂ፣ ሙድ እንያዝባት!»

ከዚያ ኦዱዎር ጻፈ። አንድ ዓመት ሙሉ «የቲቸር ልጅ» ሲባል የኖረ ልጅ እንደዚህ ያለ ቀን ነበር የሚጠብቀው። «ቆይ ቆይ... አባቴ ላከልኝ የምትል አንድ ልጅ አልነበረችም እንዴ እኛ ክፍል? ከየት ነበር የምትለው? ከ...»

ከሥሩ ሁለት ልጆች እየጻፉ መሆናቸውን ስልኩ ያሳያል።

ሞራ ሁለቴ ተሳሳተች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች፦

«የእኔ ነው። ነጩ ጫማዬ። ከሞል ነው ስትሉ ዝም ያልኳችሁ፣ ከጊኮምባ ነው። ካርዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ካላመናችሁ እናቴን ጠይቋት።»

ጫማው እውነት ነበር። ካርዱ ውሸት። እናቷ ከተጠየቀች እንደምታግዛት አልተጠራጠረችም። ሰኞ ታያት፤ የክፍሉ በር፣ የኦዱዎር ጥርስ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አብሯት የሚያድግ ስም። አንዴ አነበበችውና ላከችው።

እየጻፉ የነበሩት ሁለቱ ልጆች አቆሙ። ከዚያ የሳቅ ምልክቱ ይጎርፍ ጀመር። «ሞራ ጊኮምባ!» አለ የመጀመሪያው። «ሞራ ጊኮምባ!» አለ ሁለተኛው። ኦዱዎር የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልጨረሰለትም።

ከበሩ ኋላ የናፉላ ስልክ በዚያው ግሩፕ መልእክት ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ።

«ናፉላ፣ ስልክሽ!» አለች ኔሊማ።

ሞራ የራሷን ስልክ ገልብጣ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። በሩ አልተከፈተም። እሷም አልተነሳችም።