በፍልሰታ የነደደ ስብ

መሰረት ባሏን ገድላው ይሆን? እትዬ ፅጌረዳ ይህን እያሰላሰሉ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ሬይኖልድስበርግ በሚገኘው የልጃቸው የመሰረት ቤት ሳሎን ውስጥ የነጠላቸውን ጥለት ያፍተለትላሉ። የልጅ ልጃቸው ሉሉ ጎረቤት ተልካለች። አባቷን ትናንት ቀበረች፤ እናቷ ደግሞ እስር ቤት ከገባች ያችን ሕፃን ማን ሊያሳድጋት ነው?

አማቻቸው ብዙነህ የሞተው ቅዳሜ፣ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ካለ አንድ እርሻ፣ ማሳ የሚቦረቡሩ አውሬዎችን ሊያድን ሄዶ ነው። ገና በመጀመሪያው ተኩስ ጠመንጃው ከኋላ ፈነዳና ስባሪው በዓይኑ ገባ። ጥይቱ ሱቅ የሚሸጥ አልነበረም። ብዙነህ የሌላ ጠመንጃ ቀለሃ ገዝቶ፣ አንገቱን አጥብቦ፣ ባሩድ ሞልቶ ራሱ የሚሠራው፣ ፋብሪካ የማያውቀው ዓይነት ነው። ባሩዱን የምትመዝንለት ደግሞ መሰረት ነበረች። ፖሊሶቹ «ባሩድ በዝቶበት ነው» ካሉ ወዲህ ዓይናቸው ከእሷ ላይ አልተነሳም።

ከፊታቸው የሟች ታናሽ ወንድም ጸጋዬ በሟች ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል። ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው የሚኖረው። የጽዋ ማኅበራቸውን ጸናጽልና መስቀል የሚወለውለው እሱ ስለሆነ ጣቶቹ ሁልጊዜ የድመት ሽንት የሚመስል የመወልወያ ጠረን አላቸው።

«የሟች ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኸው፣ አውልቅ!» አሉት እትዬ ፅጌረዳ።

«ልኬ ነው እኮ፣ እትዬ። ቢጣል ምን ያደርጋል?» አለ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።



በሩ ተንኳኳ። የገባው ሻምበል ፍሥሐ ነው፤ አዲስ አበባ የወንጀል መርማሪ የነበረ፣ እዚህ ለአንድ ኢንሹራንስ የሰዎችን አሟሟት የሚያጣራ ቀጭን ሰው። ሐዘንተኞቹን አጽናንቶ ሲያበቃ ውሃ ልጠጣ ብሎ ኩሽና ገባ። እትዬ ፅጌረዳም ተከተሉት። ኦቨኑን ከፍቶ አንገቱን አስግጓል።

«በጣም ንጹሕ ነው። ማን አጠበው?»

«እኔ ነኛ! በሳሙና፣ በገዛ እጄ።»

ዋሹ። ረቡዕ ዕለት ከፍልሰታ ጸሎት ሲመለሱ ቤቱ በተቃጠለ ስብ ሽታ ታፍኖ ነበር የጠበቃቸው። በጾም! ሊያስመልሳቸው ደርሶ ነበር። ቅባት የጠገበው ኦቨን ነጭ ሆኖ፣ ወለሉ ላይ ቁንጥር አመድ ቀርቶ አገኙት፤ ጠረጉትና ዝም አሉ። ኦቨኑ ራሱን በእሳት የሚያጸዳበትን ቁልፍ ከዚህ በፊት ስትጫን ያዩት መሰረትን ብቻ ነው። ብዙነህ ሲሞት ግን ኦቨኑ ውስጥ አንድ የተደበቀ ነገር እንደተቃጠለ ልባቸው ነገራቸው።

ፍሥሐ የኦቨኑን የሽቦ መደርደሪያ በጣቱ ዳበሰ። ቀጥሎ መሰረትን ጠራ።

«ጸጋዬና ብዙነህ ተጣልተው ነበር ይባላል።»

መሰረት አንገቷን ደፋች። «ስታጠብ ጸጋዬ በሩን ገፍቶ ገባብኝ። ብዙነህ ‹ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቅ› አለው። ባለፈው ሳምንት ግን ታረቁ። እንዴት እንደታረቁ አልነገረኝም።»

ከሰዓት በኋላ የብዙነህ የአደን ጓደኛ ጀማነህ ክሊንተንቪል ከሚባለው ሰፈር መጣ።

«ጋሼ ፍሥሐ፣ ከሟቹ ጋር ስንት ዓመት አብረን ተኩሰናል! ብዙነህ ባሩድ አይሳሳትም።»

«ቀለሃውን ይወለውለዋል?»

«ኧረ በጭራሽ! ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አቁሞ አንገቱን ብቻ በጋዝ ችቦ ያሞቀዋል፤ ታችኛው እንዳይለሰልስ። አንገቱ ላይ የሚቀረው ሰማያዊ ቀለም ኩራቱ ነበር። ጸጋዬም ችቦውን ሲይዝለት አይቻለሁ። የቅዳሜዎቹ ግን እንደ ወርቅ ያበሩ ነበር። ‹ምነው፣ ሙሽራ ልትድር ነው?› ብዬ ብቀልድበት፣ ‹ስጦታ ነው› ብሎ ሳቀ።»

«የማን ስጦታ?»

«አልነገረኝም።»

እትዬ ፅጌረዳ ከበሩ ኋላ ሆነው ሰሙ። ለባል ስጦታ ከሚስት በቀር ማን ይሰጣል?

በማግስቱ ፍሥሐ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። አንድ ፖሊስ በር ላይ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀለሃ፣ ጉጠትና የኦቨኑ ሽቦ ተቀምጠዋል።

«ያልተተኮሱትን ጥይቶች አስፈትቼ ባሩዱን አስመዝኛለሁ» ሲል ጀመረ። «ልክ ነው። ስለዚህ የመሰረት እጅ የለበትም። ታዲያ ምን ፈነዳ? ይኸው የብዙነህ የድሮ ቀለሃ።» ታችኛውን በጉጠት ጨመቀው፤ ንቅንቅ አላለም። «ይኼኛው ደግሞ ከቅዳሜዎቹ አንዱ ነው።» ጨመቀው። እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ተጨመደደ።

ጀማነህ «ኧረ የጌታ ያለህ!» ብሎ ተነሳ።

ፍሥሐ ቀጠለ፦ «ሙሉ በሙሉ ግሎ ለስልሷል። ቀለሃው ሲለሰልስ የባሩዱ ግፊት ወደ ኋላ በጥሶ ይወጣል። ተራ ኦቨን ይህን ያህል አያግልም። ራሱን የሚያጸዳ ኦቨን ግን በሩን ቆልፎ ቅባቱን አመድ እስኪሆን ያነደዋል፤ ሽቦውንም እንዲህ ያጠቁረዋል። የመብራት ቆጣሪው እንደሚያሳየው የነደደው ረቡዕ ቀን ነው፤ ያኔ እትዬ ጸሎት፣ መሰረትና ብዙነህ ሥራ ላይ ነበሩ። ጸጋዬ፣ አንተስ?»

«የማታ ሺፍት ነው የምሠራው፣ ተኝቼ ነበር። ደግሞ እኔ መሣሪያ አልነካም።»

«ችቦ ግን ትይዛለህ። ስቡ ሲቃጠል አልሸተተህም?»

«ምንም አልሸተተኝም።»

እትዬ ፅጌረዳ ሳያስቡት አፈነዱት፦ «ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ አፍንጫዬን ይዤ ነው የገባሁት! አንተ እዚሁ ሥሩ ተኝተህ?»

ፍሥሐ ቀለሃውን አነሳ። «የጋለ ቀለሃ መልኩ ይበላሻል፤ ብዙነህ እንዳያውቅ መወልወል ነበረበት። ወልዋዩ ግን ታች ያለውን ቀጭን ቦይ በደንብ አልጠረገም፣ ነጭ ነገር ቀርቶበታል። እትዬ፣ እስኪ ያሽትቱት።»

አሸተቱ። የድመት ሽንት። ዘወር ብለው መሐረባቸው ላይ ተፉ።

«የመስቀሉ መወልወያ ነው!»

«ስጦታው ከወንድሙ ነበር» አለ ፍሥሐ። «‹ጥፋቴን ማርልኝ፣ ቀለሃህን ወልውዬልሃለሁ› አለው። እሱም ደስ ብሎት በገዛ እጁ ባሩድ ሞላበት።»

ጸጋዬ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም። ወደ መሰረት ዞረ።

«ለአንቺ ስል ነው እኮ። እሱ ላንቺ የሚሆን ሰው አልነበረም።»

መሰረት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፖሊሱ ጸጋዬን በሟቹ ነጠላ ጫማ እንዳለ ይዞት ወጣ።

ፍሥሐ ሽቦውን በጨርቅ ሲጠቀልል ቆም አለ። «እትዬ፣ በሳሙና የታጠበ ኦቨን ሽቦው አይጠቁርም። የዚያኑ ቀን እውነቱን ነግረውኝ ቢሆን መሰረት ስትጠረጠር ባላደረች ነበር። ለምን ደበቁኝ?»

«ልጄን የምትወስዱብኝ መስሎኝ ነዋ!» አሉ እንባቸው እየቀደማቸው።

መሰረት ቀና አለች። «እማዬ... እኔ ነኝ ብለሽ አምነሽ ነበር?»

«አይ... ስለ ሉሉ ብዬ... እናት እኮ ነኝ፣ ልጄ፤ ፈርቼ...»

ጀማነህ መሬት መሬቱን አየ። መሰረት የመኪና ቁልፏን አነሳች። በሩ ሥር ጎንበስ ብላ የሉሉን ትንንሽ ጫማዎች ደረቷ ላይ አቀፈችና እናቷን ሳታይ ሉሉ ወዳለችበት ጎረቤት ወጣች።