ለሰርግ የተቸኮለበት መኪና

ሙሄዲን በመርሳ ማንጎና ፓፓያ እየሰበሰበ ወልድያ ወስዶ የሚሸጥ ታታሪ ነጋዴ ነው። ለዓመታት በሰው መኪና ሲጭን ኖሮ የራሱን ፒክአፕ ለመግዛት ቆረጠ።

«ከሚገጣጥመው ፋብሪካ በቀጥታ እንግዛ» አለችው ባለቤቱ ነሲባ። «ዋስትና ይሰጣሉ፤ ቢበላሽም የምንጠይቀው አለን።»

«ፋብሪካው ወረፋ አለው። የወንድሜ ሰርግ እስኪያልፍ ልጠብቅ? ወልድያ ያለው ሻጭ ዛሬውኑ ቁልፉን ይሰጠኛል።»

«እሺ፣ ቢያንስ መካኒክ ይየው።»

«ዜሮ ዜሮ መኪና ምኑ ይታያል? ሰው ፊት ልታሳፍሪኝ ነው?» ብሎ ተቆጣት።

ሻጩም የወንበሩን ላስቲክ እያሳየ «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» አለው። ሙሄዲን ማመን ስለፈለገ አመነና መኪናውን ገዛው።

የሰርጉ ዕለት ጎረቤቶቹን አሳፍሮ ሰርጉ ከነበረበት ከግራና ከተማ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ በደህና ወጡ፤ የጎረቤቱ የእትዬ ዓቢዳ እግር ግን ተሰበረ። መካኒክ ቀለሙን ፋቅ ቢያደርገው፣ መኪናው ቀድሞ ተጋጭቶ የታደሰ ሆኖ ተገኘ። ሙሄዲን ሻጩ ዘንድ ሄዶ ቢጮህበት፣ «አንተም ቀለም አስቀብተህ ለሌላ ሽጠው፤ ማን ያውቃል?» አለው። ሙሄዲን ተናዶ ወጣ። ሐሳቡን ግን አልጠላውም።

በማግስቱ ከነሲባ ጋር እትዬ ዓቢዳን ሊጠይቅ ሄደ። እግራቸው በጀሶ ታስሮ ተኝተዋል።

«አይዞህ ልጄ፣ የአላህ ቀደር ነው፤ የተጻፈ አይቀርም። አንተ ምን ታደርግ?» አሉት።

ሙሄዲን ቀና ብሎ ነሲባን ሊያያት አልቻለም።

«ቀደር ብቻ አይበሉት፣ እትዬ። እሷ ፋብሪካ እንሂድ፣ መካኒክ ይየው ብላኝ ነበር። እኔ ሰርጉ ላይ ልታይ ብዬ...» መጨረስ አቃተው።

«መኪናውንስ ምን ልታደርገው ነው?» አሉት እትዬ ዓቢዳ።

«ቀለም አስቀብቼ... ልሸጠው አስቤ ነበር» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

«ታዲያ ደግሞ የማን እናት ትሳፈርበት?» አሉት።

ሙሄዲን አለቀሰ። መኪናውን አልሸጠውም፤ ሻጩንም ለፖሊስ አመለከተ። ዛሬም በሰው መኪና እየጫነ የፋብሪካውን ወረፋ ይጠብቃል። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያገኝ እያፈረም ቢሆን የሆነውን ይነግረዋል።

ወገኖቼ፣ ሐቀኛ ሻጭ ሞልቷል። ቢሆንም ከማንም ስንገዛ ዋስትናውን እንጠይቅ፣ መኪናውንም በባለሙያ እናስመርምር። አብሮን የሚሳፈር ሰው መኪናውን አያውቀውም፤ የሚሳፈረው እኛን አምኖ ነው።