ገዳይ የተባለው ቤት

ቤት ሰው ገድሎ ያውቃል? እስቲ መልሱልኝ። ግድግዳ ቂም ይይዛል? ጣሪያ ያደባል? «በፍጹም» የምትሉ ከሆነ፣ በዚያ ጠዋት እዚያ ግቢ ብትገኙ ኖሮ ብቻችሁን ትቀሩ ነበር። ሬሳው ከድንጋይ ንጣፉ ላይ ሳይነሳ ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፦ «ቤቱ ገደላት!»

ሟቿ አዋላጅ ነበረች። ጡረታ ከወጣች ዓመታት ቢያልፉም ሰፈሩ ሌላ ስም አልሰጣትም። የወደቀችው ከፎቁ በረንዳ ነው፤ ተደግፋው የነበረው አግዳሚ እንጨት ከነእሷ ወርዶ አጠገቧ ተጋድሟል። በእጇ ላምባ ላምባ የሚሸት ጨርቅ ጨብጣለች። ከግቢው በር ውጭ ደግሞ አንድ ዶዘር ቆሞ ያጓራል። አዎ፣ ዶዘር! አስከሬን የሚያነሳው መኪና ሳይመጣ ቤት የሚያፈርሰው መኪና መጣ።

መርማሪዋ በእግሯ ደረሰች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ትወጋለች፣ የገባችበትንም ጉዳይ ሳትሰፋ አትወጣም። በቀጥታ ወደ ዶዘሩ ሄደች።

«ሞተሩን አጥፋው።»

«ኃላፊው እንዳታጠፋ ብለውኛል፣ እህቴ።»

ኃላፊው ማለት የግንባታ ቁጥጥር ቢሮው ኃላፊ ነው። ከመኪናው ወርዶ ክራቫቱን እያቃና ቀረበ። «ይህ ቤት ሌላ ነፍስ ሳያጠፋ ዛሬውኑ መፍረስ አለበት። እስከ ከሰዓት በኋላ እታገሥሻለሁ።»

«የጠፋችው ነፍስ ትቅደም» አለችና ጥላው ገባች። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ቀኑን ሙሉ የመስኮቶቹ መስታወት ሲንቀጠቀጥ፣ ሰውም አብሮ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ስለ ቤቱ ታሪክ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ። ግን አፍራሾቹ የሚወዱት ይህንኑ ዝምታ ስለሆነ አላልፍም። የሠራው የሟቿ አያት ነው፤ ቆዳ ነጋዴ ነበር። ከተማው የቆዳውን ሽታ ቢጠላበት ከከተማ ወጥቶ ሜዳ ላይ ገነባው። ምርጥ ቆዳውን ፎቅ ላይ ያስቀምጥ ስለነበር ደረጃውን እንግዳ እንዳያየው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሸሸገው። ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ የቆመ ሰው ካልነገሩት በቀር ፎቁ በየት በኩል እንደሚወጣ አያውቅም። ነጋዴው ሲሞት ቤቱ ማዋለጃ ሆነ፤ የሰፈሩ ግማሽ ሰው የመጀመሪያ ጩኸቱን የጮኸው እዚያ ፎቅ ላይ ነው። ማዋለጃው ተዘግቶ ቤቱ ለቤተሰቡ ሲመለስ እህት ፎቁን ያዘች፤ ንግዱ የከሰረበት ታናሽ ወንድሟ ምድር ቤቱን። እህት «ይጠገን» ትላለች፤ ወንድም «ይፍረስና ቦታው ለአፓርታማ ሠሪ ይሸጥ» ይላል። ቢሮው ከወንድም ጋር ወግኖ የግቢውን በር በቀይ ኤክስ ይቀባል፤ እህት በላምባ ጨርቅ ፈግፍጋ ታጠፋዋለች። ደግመው ይቀባሉ፤ ደግማ ትፈገፍጋለች። ይህን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም።

መርፌ ከአግዳሚው አጠገብ ተንበረከከች። እንጨቱ ሁለቱም ጫፍ ላይ፣ ከቋሚዎቹ በተለየበት ቦታ፣ በወፍራም ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አንደኛውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዞረችው። ስብራቱ ከላይ እንደ ሳሙና ልሙጥ ነው፤ ከታች በኩል ብቻ ጣት የሚያህል ቦታ ተሰንጥሮ ተገንጥሏል። በልሙጡ ላይ ቀዩ ቀለም ወደ ውስጥ ወርዶ፣ ደርቋል። ከቀለሙ ውስጥ በጥፍሯ አንዲት ለስላሳ ጸጉር ነቅላ በወረቀት ጠቀለለች።

«አለቃ፣» አለ የሰፈሩ ፖሊስ፣ «መደገፊያውን የጠገነው አናጢው ነው። ልሰረው?»

«ሰው ማሰር ለምንድን ነው እንዲህ የሚጣፍጥህ? አንተስ የት ነው የተወለድከው?»

ፖሊሱ ቆቡን አወለቀ። «እዚሁ ፎቅ ላይ» አለ ቀስ ብሎ።

ቤቱን ለሟቿ ይጠግን የነበረው አናጢ «ምስማር» ይባላል፤ ራሱን ካልመቱት ዝም አይልም። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ዓይኑ አብጧል፤ ምላሱ ግን አላበጠም።

«ያ እንጨት በሰበሰ? ያ እንጨት እኔንም አንቺንም ይቀብራል፣ እመቤቴ! ምስጥ ቢነክሰው ጥርሱ ይረግፋል!»

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ከእትዬ ጋር ቢሮው ኮሪደር ላይ። ስለ ቤቱ እንነጋገር ብለው ጠርተዋት፣ ወንበር እንኳ ሳይሰጡን አስመሹን። ኃላፊው ብቅም አላሉ። ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ደክሟት ወዲያው ተኛች።»

«የመሣሪያ ሳጥንዎ የት ነው የሚያድረው?»

«ደረጃው ሥር። ጣሪያው አርባ ቀዳዳ ካለው ቤት ማን መጋዝ ይሰርቃል ብዬ?»

«ቤቱ ለማን ቀረ?»

«ለወንድሟ ነዋ።»

ወንድምየው ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ነው፤ አገጩ ግን ሻክሯል።

«ስንት ጊዜ ለመንኳት! ‹እህቴ፣ ይህ ቤት ይበላሻል› አልኳት። አልሰማ አለች።»

«ትናንት ማን መጣ?»

«የቢሮው መሐንዲስ። ፎቅ ወጥቶ አየ፣ አደገኛውን በቀይ ቀባ፣ ሄደ። እኔ ከዚህ አልተነሳሁም።»

«ዛሬስ? አናጢው ሲጮህ የት ነበሩ?»

«ቁርስ ላይ። ሻዬን ገና ቀድቼ።»

«ጺምዎ አድጓል።»

«ሐዘን ላይ ነኝ እኮ፣ የኔ እመቤት!» አለ ተቆጥቶ። መርፌ ይቅርታ ጠየቀችውና ወጣች።

የወንድምየው ልጅ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዎቹ ደረቷ ላይ እንደተሰኩ ከሥራ ቦታዋ ሮጣ መጥታለች። ከፎቁ ደረጃ መጨረሻ ላይ ተቀምጣ የአክስቷን ነጠላ ጫማ አቅፋለች።

«አባቴና አክስቴ እሳትና ጭድ ነበሩ» አለች። «ግን ይሳሳቁም ነበር። እሁድ እሁድ ቁርስ አብረን ስንበላ እሱ እስኪላጭ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ሳይላጭ አንድ ነገር አይቀምስም። አክስቴ ‹አንተማ ከእናትህ ማህፀንም ተላጭተህ ነው የወጣኸው› ትለው ነበር።» ሳቀች፤ ሳቋም መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ምን እንደተናገረች አላወቀችም። መርፌ አወቀች፤ ስላወቀችም የልጅቷን ፊት ማየት አቃታት።

መሐንዲሱ ሳይጠሩት መጣ። እንደ አሸናፊ ነው የመጣው።

«አስቀድሜ ብዬ ነበር! አግዳሚውን በቀይ ቀብቼ አስጠንቅቄያለሁ!»

«በራስዎ እጅ?»

«በገዛ እጄ።»

«ምን አይተው?»

«ብስባሽ ነዋ! ምስጥ ጨርሶታል።»

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ሲገባ መርፌ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰብስባ ጠበቀችው። ጎረቤቶች በመስኮቶቹ በኩል ተደርድረዋል። ዶዘሩ አሁንም ያጓራል።

«አላስቆያችሁም» አለች። «መሐንዲስ፣ ትናንት ያዩትን ለኃላፊዎ ያሳዩልን። ፎቅ ይምሩን።»

መሐንዲሱ ተነሳ። ግራ ቀኙን አየ። ሳሎኑ ሦስት በር አለው። ኮስተር ብሎ ወደ ትልቁ በር ሄደና በኩራት በረገደው። መጥረጊያ፣ ባልዲና የወለል መወልወያ ላዩ ላይ ተናዱበት። ከመስኮት ውጭ ሰው ሁሉ አውካካ።

«በዚያ በኩል ይወጣሉ?» አለ ምስማር። «መጥረጊያው ላይ ተቀምጠው?»

«ዝም በሉ!» አለች መርፌ። «የሚያስቅ አይደለም። ይህ ሰው የዚህን ቤት ፎቅ በሕይወቱ ረግጦ አያውቅም። አፉን ሞልቶ ግን ‹አይቻለሁ› ብሏል።»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢሆንስ? እንጨቱ መሰበሩን ምን ይለውጠዋል?»

አግዳሚውን ጠረጴዛው ላይ አስጋደመችው። «አልተሰበረም። ተቆረጠ። ልሙጡ መጋዝ ያለፈበት ነው፤ የተሰነጠረው፣ ክብደቷ ሲያርፍበት የተገነጠለው ቅሪት። ምስጥ የለ፣ ብስባሽ የለ። አሁን ይህን እዩ፦ ቀለሙ ከላይ ብቻ አይደለም፤ ወደ መጋዙ ስንጥቅ ገብቶ ደርቋል። ስለዚህ መጋዙ ቀደመ፣ ቀለሙ ተከተለ። እንጨቱን የቆረጠ ሰው ቁርጡን በቀይ ደፈነው። ቢሮው የቀባው ነገር ደግሞ ማን ይጠይቃል?»



«መሸፈኛ ብቻ ግን አልነበረም። ሟቿ ቀይ ቀለም ስታይ ምን እንደምታደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጠዋት ተነስታ አየችው፤ ላምባ ነክራ መጣች፤ በሙሉ ክብደቷ ተደግፋ መፈግፈግ ጀመረች። ቀለሙ ጥሪ ነበር። ገዳዩ በሰዓቱ እዚያ መቆም እንኳ አላስፈለገውም። ለዚህ ነው ማንንም ‹ልትወድቅ ስትል የት ነበርክ› ብዬ ያልጠየቅኩት። የጠየቅኩት ትናንት ፎቁ ባዶ ሳለ መጋዝ ያስጮኸው ማን እንደሆነ ነው።»

«አናጢው!» አለ ወንድምየው።

«አናጢው ከእሷ ጋር ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር፤ የቢሮው ሰው ሁሉ አይቶታል። መጋዙም እንጨቱ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተንሸራቶ ጭሯል፤ የለመደ እጅ አይደለም። ልጅቷም እስኪመሽ ልብስ መስፊያው ቤት ነበረች። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ቀብቻለሁ ያለው መሐንዲስና ቤት የዋሉት እርስዎ።»

መሐንዲሱ አመድ መሰለ። «እኔ አልገደልኩም! አልቀባሁምም! ሳሎን ድረስ ገባሁ፣ እሱ ‹አትድከም፣ ፎቁን እኔ እቀባልሃለሁ› አለኝ። ብሩሼን ለሚቀጥለው ቤት ስለምፈልገው ቀለሙን በጣሳ ቀዳሁለትና ሄድኩ! ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው!»

«ይዋሻል!» ወንድምየው ተነሳ። «ብሩሽ ሳይኖረኝ በምን ቀባሁት? በምላሴ?»

መርፌ ወረቀቷን ፈታች። «ከቀለሙ ውስጥ ይህች ወጣች። የግድግዳ ብሩሽ ጸጉር ሻካራ ነው፤ ይህች ግን የሳሙና አረፋ ለማስነሳት የምትውል፣ ፊት የማትጭር ለስላሳ ጸጉር ናት። ጺምዎ ያደገው በሐዘን እንደሆነ ነግረውኛል። ሐዘኑን የሰሙት ግን ሻይ ቀድተው ነው። ሳይላጩ ደግሞ ሻይ አይቀምሱም። ዛሬ ሐዘን ሳይመጣ ሐዘንተኛ ያደረገዎት ምንድን ነው?»

ወንድምየው አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ልጁ ተነሳች። ነጠላ ጫማዎቹ ከእጇ ወደቁ።

«አባዬ» አለች። «የጺም ብሩሽህ የት አለ?»

ሰውየው ለመርማሪዋ ሊመልስላት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለልጁ ግን አልተዘጋጀም። አገጩን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እዚህ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት» አለ። «ሌላ ቦታ መሞት ፈለግኩ። እሷ ግን ትፈገፍጋለች... ትፈገፍጋለች...» ፖሊሱ በተወለደበት ቤት ውስጥ እጁን አሰረው።

ኃላፊው ወደ በሩ እያፈገፈገ ነበር። «በጣም የሚያሳዝን ጉዳይ ነው። የአንድ ሠራተኛ ስሕተት በቢሮ ደረጃ ይጣራል። እኛ...»

«ይቁሙ!»

የጮኸችው መርፌ አይደለችም፤ ልብስ ሰፊዋ ናት። ኃላፊውን ቀድማ ወጣች፣ ግቢውን አቋረጠች፣ ዶዘሩ ላይ ተንጠላጥላ ከነጂው እጅ ሥር ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ጠፋ። ጸጥታው ራሱ ያስደነግጥ ነበር። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረች። ከጥግ እስከ ጥግ፣ በአጥሩ ላይ፣ በበሩ ላይ፣ ቀይ ኤክስ። የእያንዳንዱ ኤክስ ባለቤት በሩ ላይ ቆሟል።

«አባቴ ገዳይ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ እንጂ አልጠፋም። «ለእሱ ፍርድ ቤት አለለት። አክስቴን ኮሪደር ላይ አቁማችሁ ቤቷን ባዶ ያደረጋችሁለት፣ ቀለሙን በጣሳ ቀድታችሁ ያስረከባችሁት ግን እናንተ ናችሁ። መሐንዲሱ ‹ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው› ብሏል፤ ሁላችንም ሰምተናል። እንግዲህ ኃላፊው፣ ቢሮ የለም፣ ኮሪደር የለም። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት ይናገሩ፦ ከእነዚህ ቤቶች ውስጥ ገብታችሁ ያያችሁት የቱን ነው? በጣትዎ ያሳዩን! ይመልሱ!»