የኋላው ኮርቻ

ብስክሌት ጠጋኟ ወሬኛ ደንበኛ አትጠላም፤ የምትጠላው ሥራ ላይ ስትሆን አጠገቧ ቆሞ የሚያፈጥባትን ነው። ያን ከሰዓት በኋላ ዝናብ አሯሩጦ ሱቋ ያስገባው ረጅም ሰው ግን ወሬኛም አፍጣጭም አልነበረም። በሩ ሥር ቆሞ ከኮቱ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያይ ጀመር። ወለሏን በማርጠቡ ያፈረ ይመስላል።

«ግባ እንጂ ወንድሜ፤ ዝናቡን አንተ አላመጣኸው» አለችው።

ፈገግ አለ። ፈገግታው እንደ ሩቅ አገር እንግዳ ዘግይቶ የሚደርስ ነበር።

የተጣመመ ቸርኬ እያቃናች ስለነበር ያዝልኝ አለችው። ያዘላት። እጆቹ ሰፋፊና የረጉ ናቸው። እየያዘ ቀና ሲል ጣሪያው ላይ የተሰቀለችውን ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት አየ።

«ያቺ የማን ናት?»

«የእኔ። ገዢ አጣሁላት። ሁለት ሰው ተስማምቶ በአንድ መንገድ መሄድ የተወ መሰለኝ።»

«ከኋላ የሚቀመጠው መሪ ይይዛል?»

«የሚይዘው ነገር አለ፤ ግን አይዞርም። የኋለኛው ሥራ ማመንና መርገጥ ነው።»

ዝናቡ አባራ። ሰውየው ግን አልሄደም።

በማግስቱም መጣ፤ ብስክሌት ሳይኖረው። በሳምንቱ፣ ቸርኬ እየያዘላት ሳለ፣ ነገሩን ራሱ አወጣው። የጦር ሠራዊት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ጠዋት የሚነዳበት መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ከሥሩ ፈነዳ። እሱ ወጣ፤ ከኋላ የጫናቸው ጓደኞቹ አልወጡም። ከዚያ ወዲህ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው በእግሩ ነው። መኪና ውስጥ አይገባም፤ መሪ የሚባል ነገር አይነካም።

«መሪ ስይዝ እጄ የእኔ አይሆንም» አላት።

ብስክሌት ጠጋኟ አይዞህ አላለችውም። ወንበር ላይ ወጥታ ባለ ሁለት ኮርቻዋን ማውረድ ጀመረች።

«እንግዲያው መሪ አትያዝ። ከኋላ ተቀመጥ።»

የመጀመሪያው ጉዞ ከአንድ ሰፈር አላለፈም። አስፋልቱ ላይ የተለጠፈ ነገር ሲያይ «ቁሚ!» ብሎ ጮኸና ዘሎ ወረደ። የተጨፈለቀ ካርቶን ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ላቡ እየወረደ፣ ትስቃለች ወይም ታዝንልኛለች ብሎ ፊቷን ጠበቀ። እሷ ካርቶኑን አንስታ ዳር ጣለችውና ተመልሳ ኮርቻዋ ላይ ወጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ» አለች። «እኔ ከፊት የማየውን እነግርሃለሁ። አንተ ደግሞ የልብህን ትነግረኛለህ። ማንም ማንንም አያስደነግጥም።»

ሆነ። «ጉድጓድ፣ በስተግራ!» ትላለች። «ሰምቻለሁ!» ይላል ከኋላ። «አሸዋ! ቀስ!» «ልቤ እየመታ ነው፤ ግን ቀጥይ።» «ድመት! ወፍራም ናት፤ መንገዱን በውርስ ያገኘችው ይመስላታል!»

ከኋላዋ ሳቅ ሰማች። እንዲህ ከሆዱ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር፤ እንዳታቋርጠው ብላ ዞራ አላየችውም።

ወራት አለፉ። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ይወጣሉ። መጀመሪያ እስከ ድልድዩ፣ ቆይቶ እስከ ኮረብታው፣ ከዚያ ከኮረብታው ማዶ። ዳገት ላይ ሁለቱም ወሬ ያቆማሉ፤ የሚሰማው የትንፋሻቸውና የካቴናው ድምፅ ብቻ ነው። ድካሙ እንቅልፍ አመጣለት፤ እንቅልፉ ደግሞ ፊቱን መለሰለት።

«ማታ አልተኛህም» አለችው አንድ ቀን፣ ዞራ ሳታየው።

«በምን አወቅሽ?»

«እግርህ ነገረኝ። አረጋገጥህ ይከብዳል።»

«እኔም ጀርባሽን አውቀዋለሁ» አለ። «ስትናደጂ የቀኝ ትከሻሽ ይነሳል። ስትደሰቺ ደግሞ አንገትሽ ይረዝማል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ቀጭኔ መስለሻል።»

የዚያን ቀን ፍሬን መያዝ ረስታ ከሱቁ አልፋ ሄደች።

ነገሩ ከእናቷ ጆሮ ደረሰ። እናትና ልጅ የሚኖሩት ከሱቁ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። አባቷም ወታደር ነበር፤ ከጦርነት ተመልሶ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እስኪሞት ድረስም ከዚያ ወንበር የተነሳ አይመስልም ነበር።

«ሰውየውን ጠልቼው አይደለም» አለች እናት፣ የታጠበ ልብስ እያጠፈች። «ግን ወታደር አግብቼ አይቼዋለሁ። አባትሽ አጠገቤ ተኝቶ ሌላ አገር ነበር። ዝም ያለ ሰው አይድንም ልጄ፤ የት እንዳመመው አይታወቅማ።»

«እሱ ዝም አይልም እማዬ። ይነግረኛል።»

«መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይናገራል።»

ይህች ቃል እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች። እውነትም እስካሁን የነገራት ፍርሃቱን ነው፤ የዚያን ጠዋት ነገር ግን አንዴ በደፈናው ካወራ በኋላ ደግሞ አላነሳውም።

ብዙ ጋላቢዎች አብረው የሚሄዱበት፣ አምቡላንስ የሚያጅበው፣ ተራራ አቋርጦ እስከ ሐይቅ ዳር የሚወስድ የበርካታ ቀናት የብስክሌት ጉዞ ተዘጋጀ። ተመዘገቡ። ባለ ሁለት ኮርቻ ይዘው የቀረቡት እነሱ ብቻ ሆኑ፤ ሌሎቹ ጋላቢዎች «ባልና ሚስት ናችሁ?» ሲሏቸው ሁለቱም እኩል «አይደለንም» ይሉና እኩል ይቀላሉ።

ከሌሎቹ ኋላ ቀርተው የተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጉም ወረደ። እግሯን ለማፍታታት ወርዳ ስትራመድ እርጥብ ድንጋይ አዳለጣትና በእጇ አረፈች። አንጓዋ ተሰበረ። ሾፌሩ ሸሚዙን ቀዶ፣ ከጥድ ቅርንጫፍ ድጋፍ ሠርቶ አሰረላት፤ እጁ አንዴም አልተሳሳተም። አጃቢው አምቡላንስ ጭቃ ይዞት ከሩቅ ቀርቷል። ብርዱ እየበረታ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ ሄደ።

«መኪናው እስኪመጣ እንጠብቅ» አለች። እጇ ፍሬን አይጨብጥም፤ ከፊት ልትቀመጥ አትችልም። እሱን ግን መሪ ያዝ ልትለው አልፈለገችም።

ቁልቁለቱን አየ። ጠጠር ነው፤ ጠመዝማዛ ነው። ከዚያ እሷን አየ።

«ከኋላ ተቀመጪ» አላት።

«እጅህ ቢንቀጠቀጥስ?»

«ይንቀጥቀጣ። አብሮን ይወርዳል።»

በደህና እጇ ወገቡን ይዛ ተቀመጠች። ጀመረ። ጣቶቹ መሪው ላይ ነጭ እስኪሆኑ ጨበጡ፤ ድምፁ ግን አልቆመም። «ኩርባ፣ በቀኝ። ድንጋይ። ፈርቻለሁ። ጭቃ አለ፣ ያዢኝ። ሌላ ኩርባ።» ከዚያ፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ «ያኔም እንዲህ ያለ ኩርባ ነበር» አለ። ቀጠለ። ጠዋቱን ነገራት፤ ጓደኞቹ ምን እየዘፈኑ እንደነበር፣ ማን ምን ቀልዶ እንዳሳቃቸው፣ አቧራው ሲነሳ ምን እንዳየ። እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠራ። በመሃል «ጉድጓድ» ይላል፣ «ሌላ ኩርባ» ይላል፣ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል። እሷ ግንባሯን ጀርባው ላይ አስደግፋ ሁሉንም ሰማች፤ እንባዋ ኮቱን አረጠበው።

ሸለቆው ውስጥ ክሊኒኩ በር ላይ ሲቆሙ እጆቹን ከመሪው አላቆ ዘረጋቸውና አያቸው።

«እጆቼ…» አለ።

«ምን ሆኑ?»

«በርዷቸዋል። ሌላ ምንም አልሆኑም።»

በማግስቱ በጀሶ የታሸገ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች፤ ከፊት እሱ። ሐይቁ ዳር የደረሱት ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ከእነሱ በኋላ የገባው አምቡላንሱ ብቻ ነበር። ውሃው ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ተያዩ። እስከዚያች ቀን አንዱ የሌላውን ጀርባ ነበር የሚያውቀው።

«እናትሽን ላነጋግር» አላት።

«እሷ ከተራራው ትከብዳለች።»

«እንግዲያው ተለማምጃለሁ።»

እናት ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«በእንቅልፍህ ትጮሃለህ?»

«አዎ፣ እናቴ። ድሮ ሁሌ ነበር፤ አሁን አልፎ አልፎ ነው። ሐኪምም ያየኛል። ሊመጣብኝ ሲል ይታወቀኛል፤ ያን ቀን እነግራታለሁ።»

«ድኛለሁ አትለኝም?»

«አልልም። እየዳንኩ ነው። እርስዎን ዛሬ ከዋሸሁ ነገ እሷንም እዋሻለሁ።»

እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አባቷ አንድ ቀን እንኳ ፈራሁ ብሎኝ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ቢለኝ ኖሮ እጁን እይዘው ነበር። እኔ እኮ የተቆጣኝ ይመስለኝ ነበር፤ ዕድሜዬን በሙሉ።»

ልጅቱ ይህን ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ሾፌሩ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ የእናቲቱን እጅ ያዘ። እሷም አልነጠቀችውም። ቆየት ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

«አንቺስ? በዚህ በተለሰነ እጅሽ ምን አብስለሽ ልታበይው ነው?»

«እሱ ያበስላል እማዬ።»

«ወታደር? ወታደር የሚያውቀው ለመቶ ሰው ማብሰል ነው!»

«ታዲያ ምን ችግር አለ?» አለ ሾፌሩ። «ለሰርጉ ይሆናል።»

«ማን ነው ሰርግ አለ ያለህ?» ብላ ተቆጣች እናት። ቁጣው ግን መሃል መንገድ ላይ ከዳትና ሳቅ ሆነ፤ አንዴ ከጀመረች በኋላም ማቆም ስላቃታት ሁለቱም አብረዋት ሳቁ።