የጉግሳ ትርታ

በ1973 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ጉግሳ የሚባል የጋራዥ ሠራተኛ የባቡር ረዳት ነጂ ለመሆን ተፈትኖ ሁሉንም አለፈና በልብ ምርመራ ወደቀ። ትርታው ከልክ በላይ ፈጥኖ ተገኘ። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምኞታቸው ልጃቸው በዚያ ሐዲድ ላይ ባቡር ሲነዳ ማየት ነበር። ሐኪሙ አንድ ዕድል ሰጡት፤ በወሩ መጨረሻ ደግመው ያዩታል። ያኔም ካልረጋ ነጂነቱ ይቀራል።

እስከዚያው ከዚራ ሰፈር ባለችው ክሊኒክ ሲስተር የኔነሽ እንድትከታተለው ታዘዘ። የኔነሽ ነገር አታበዛም። ስሜት የላትም ይሏታል። ነበራት፤ በሥራ ሰዓት አታወጣውም እንጂ።

መድኃኒት አልሰጠችውም። የራሷን የልብ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጋ ጫፉን ደረቱ ላይ አስያዘችው።

«ምን ይሰማሃል?»

«አቦ፣ ይሄ የኔ ነው? የጋሪ ፈረስ እኮ ነው!»

«በአፍንጫህ ሳብ። አሁን ቀስ ብለህ በአፍህ አስወጣ፣ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዝ። አትቸኩል። ስማው።»

ሰማው። ትንፋሹ ሲወጣ ልቡ ረገብ አለ። ልብ የሚታዘዝ ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

ከሥራ መልስ እየመጣ ተለማመደ። ብቻውን ሲያዳምጥ ይረጋል። የኔነሽ ልታረጋግጥ የእጁን አንጓ ስትይዝ ግን ፈረሱ ይነሳል። እሷ ሰዓቷን ታያለች፣ እሱ እሷን ያያል።

«አልተለማመድክም።»

«ወላሂ ተለማምጃለሁ፣ ሲስተር።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ጉግሳ ምን እንደሆነ ያውቃል።

የኔነሽ በእውነት የታመመ መስሏት አዘነችለት። እሱ የማይመጣበት ቀን ይረዝምባት ጀመር፤ ይህንንም የሙያ ጭንቀት ነው ብላ አለፈችው።

የፈተናው ቀን ሐኪሙ እዚያው ክሊኒክ መጥተው የደም ግፊቱን ለክተው፣ «ሲስተር፣ ትርታውን ቁጠሪልኝ» አሉ። ጉግሳ ትንፋሹን ቀስ አድርጎ እያስወጣ ነበር። የኔነሽ ወደ እሱ ስትሄድ አንገቱ ላይ ያለውን ደም ሥር አየች፤ በቀስታ ይመታል። ጣቷ አንጓውን ሲነካ ያ ደም ሥር ዘለለ። እጇን አነሳች። ረጋ። ደግማ ነካችው። ዘለለ።

ወሩን ሙሉ ስትቆጥር የኖረችው ምን እንደሆነ ያኔ ገባት።

«ዶክተር፣ እርስዎ ቢቆጥሩት ይሻላል» አለች። «በእኔ እጅ አይቆጠርም።»

«ለምን?»

አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። ሞኝ ሰው አልነበሩም።

«እንግዲያው ወጣ በይልን» አሏት።

ግቢው ውስጥ ጥላ ስር ጠበቀችው። ሲወጣ ፊቱ ሁሉንም ተናገረ።

«አለፍኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም? ባቡሩ ሊቀርብህ ነበር እኮ።»

«ብነግርሽ ለሌላ ነርስ ትሰጪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ወድጄሻለሁ፣ የኔነሽ።»

ሲስተር ሳይል ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። የእጇን አንጓ ያዘ፤ አያያዙን ከእሷ ተምሯል። ጥቂት አዳመጠና ሳቀ።

«አቦ፣ ያንቺ ከኔ ይብሳል! ቀስ ብለሽ አስወጪ። አትቸኩይ።»

ሞከረች። ያስተማረችው ነገር ለራሷ አልሠራላትም። እጇን ግን አልነጠቀችውም።