ሐይቁ ዳር የተመታው ጉልላት

ደስታነሽና ጉልላት የተዋወቁት ዝናብ አንድ ባጃጅ ውስጥ ያጎራቸው ቀን ነው። እሷ የሀዋሳ ልጅ ናት፣ የሥነ ልቦና ተማሪ። እሱ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ምህንድስና ይማራል። ከባህል አዳራሽ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ሲያስቃት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሳይገናኙ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው።

ሊመረቅ ሲቃረብ ሐይቁ ዳር ካለ ካፌ ጠራትና ዓይኗን ሳያይ ተናገረ።

«እናቴ ጴንጤ ካገባህ ልጄ አይደለህም አለችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።»

«እኔስ?»

ተነሥቶ ወደ መንገዱ አቀና።

ጀርባውን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ገና ሕፃን ሳለች አባቷ ከቤት የወጣው እንዲሁ ሳይዞር ነበር። የለስላሳውን ጠርሙስ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ሮጠች፤ ዞር ሲል ግንባሩን መታችው። ጠርሙሱ ተሰበረ። ጉልላት ሲወድቅ በእግሯ ረገጠችው፤ አስተናጋጆቹ ጎትተው ሲይዟትም ትራገጥ ነበር።

ደሙ ዓይኑን ሲሸፍነው ግን መራገጧን ተወች። ሻርፗን ቁስሉ ላይ ተጭና ወደ ክሊኒክ ወሰደችው።

«ወድቄ ነው» አላት ነርሷን።

«አልወደቀም» አለች ደስታነሽ። «እኔ ነኝ የመታሁት።»

ግንባሩ ተሰፍቶ ሲያበቃ እጇን ያዘ።

«እናቴ የፈለገችውን ትበል፣ አልተውሽም። እንዲህ የወደደኝ ሰው የለም፤ ዛሬ ገባኝ።»

ስትጸልይበት የኖረችው ቃል ነበር። ያበጠውን ፊቱን አየችው።

«ጉልዬ፣ ስመታህ አንተን አላየሁም። አባቴን ነበር የማየው። ሰው የድሮ ሕመሙን በሌላ ሰው ላይ እንደሚወጣ ክፍል ውስጥ ስንቴ ተምሬያለሁ፤ የራሴ ሲሆን አላወቅሁትም።»

«ይቅር ብዬሻለሁ እኮ።»

«የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ይሄን ፍቅር ካልከው ነገም እመታሃለሁ፣ አንተም ትችለኛለህ።»

እጇን ቀስ ብላ አወጣች።

በማግስቱ ብቻዋን የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት በር አንኳኳች። ሳምንታት ተመላለሰች፤ እሱ ሲደውል ግን ስልኩን አላነሳችም።

በምረቃው ቀን ከሕዝቡ መሃል አየችው። የስፌቱ ጠባሳ ከቆቡ ሥር ይታያል። እሱም አያት፤ የእናቱን ክንድ ለቆ ወደ እሷ ተራመደ።

ደስታነሽ እንባዋ እየወረደ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ጉልላት ባለበት ቆመ።